ሁለት ጣት ጨርቅ

ሰኞ ገበያ ነኝ፣ ከቆርቆሮው ጥላ፣ ከበረንዳው ጥግ፤
ሠላሳ መስከረም ነጎደ፣ ሜትሬን እንደ መቁጠሪያ ባንገቴ ሳደርግ።
እኔ ቁጥር ስጠራ እንድሪስ ይጽፋል፤
የዩኒፎርም ደብተሬ የሠፈሩን ልጆች ከናቶቻቸው በላይ ያውቃል።

አብራር የመጣ ለታ፣ አምስት ዓመት ሳይደፍን፣
ባንድ እጁ ብስኩት፣ ባንድ እጁ የናቱን ቀሚስ ጨብጦ፣
"ወገብ፣ ሃምሳ ስምንት!" አልኩ ድምፄን ከፍ አድርጌ።
በረንዳው "ማሻ አላህ!" ብሎ ተቀበለኝ፤
አንዷ ጉንጩን ሳመች፣ አንዷ ክንዱን መዘነች፤
ሉባባ በኩራት ከቆመችበት አንድ ስንዝር አደገች።

ሉባባን አውቃታለሁ።
በሰባ ሰባት፣ ጎረምሳ ሆኜ ውሃ ሳመላልስ፣
ከመጠለያው ደጅ፣ ሰልፍ ላይ አየኋት፤
ክንዷን በባለቀለም ጥብጣብ ለኩት።
ቀዩ ላይ ቆመ።
እሷ ዳነች፤ ቀዩ መስመር ግን ከክንዷ አልወረደም።
ዛሬም ልጇ ከሳህኑ ጥቂት ካስተረፈ
የምታየው ሩዝ አይደለም።
"ጨርሳት፣ አንዲት ናት፣ በሞቴ" ትላለች፤
ሞትን እንደ ዋዛ አትጠራም፣ መልኩን ታውቃለች።

አባትዬው ጅዳ ነው፤ ድምፁ በስልክ ይመጣል፤
"ያማረውን ሁሉ ግዙለት" ይላል።
ናፍቆት በሐዋላ አይላክም፣ ብር ግን ይላካል፤
ብሩም ሱቅ ደርሶ፣ ለስላሳና ቺፕስ ሆኖ ይመለሳል።

በስምንት ዓመቱ፣ ስድሳ ዘጠኝ።
የአምናውን ሱሪ ስፌት ፈታሁ፤
ለማደጊያ የተውኩትን ሁለት ጣት ጨርቅ
አንድ ክረምት በላው።
በዚያው ክረምት የኳሱ ሜዳ ታጥሮ ፎቅ ተጀመረ፤
ዳገቱን ባጃጅ ያዘው፣ በግሩ የሚወጣ ልጅ ቀረ።
ዝናቡ ዘነበ፣ ጦሳ ጉሙን ለበሰ፣
ቤት ውስጥ ስልክ በራ፤
ማን ይወቀስ?

ክብደት እንደ ሌባ ባንድ ሌሊት አጥር ዘሎ አይገባም፤
እንደ ዘመድ ነው፤
"ግባ፣ ብላ፣ አትፈር" ተብሎ፣ ትራስ ተደላድሎለት፣
አንድ ቀን ቤቱ ሲጠብ ዞር ብለን ስናይ
እንግዳው ባለቤት ሆኖ የምናገኘው።

በአሥራ አንድ፣ ሰማንያ ሁለት።
"ማሻ አላህ" ያለ የለም።
ከሰልፉ ኋላ አንዱ "ዱባ!" አለ፤
ሌላው ሳቀ።
እኔም፣ አላህ ይቅር ይበለኝ፣ መርፌ ባፌ ይዤ ፈገግ አልኩ።
በአምስት ዓመቱ የተመረቀበት ሥጋ
በአሥራ አንዱ ተሰደበበት፤
መሃል ላይ ምን እንዳጠፋ ለልጁ የነገረው የለም።

ከዚያ ወዲያ፣ በስፖርት ክፍለ ጊዜ "እግሬን ያመኛል" ማለት ለመደ።
ሰው ፊት ቀማሽ ሆነ፤
ሌሊት ግን፣ እህቱ ፎዚያ እንደ ነገረችኝ፣
የብስኩቱ ላስቲክ ሲንኮሻኮሽ እንዳይሰማ
በሳል ይሸፍነዋል።
ቤተሰቡ ብርድ የመታው መስሎት
ማር ገዛለት።

ዘንድሮ አሥራ አምስት ሞላው። ብቻውን መጣ፤
ገበያው ሲበተን፣ እንድሪስ ማሽኑን ሲሸፍን።
"ጋሽ ይማም" አለኝ፣ ገና ባልለመደው ጎርናና ድምፅ፣
"ቁጥሩን... ጮክ ብለው አይጥሩት።"

እጆቹን አነሳ። ሜትሬን አዞርኩበት።
ትንፋሹን ስቦ ሆዱን ሸሸገ፤ ጠበቅኩት።
ሰው ትንፋሹን ይዞ ስንት ዓመት ይቆማል?
"ተንፍስ፣ ልጄ" አልኩት።
ተነፈሰ።

ያየሁትን አየሁ። ለእንድሪስ አልጠራሁም፤
ደብተሩን ራሴ ስቤ፣ በደቃቁ ጽፌ፣ ገጹን አጠፍኩት።

ማታ ጨርቁን ስቆርጥ፣ ከወገቡ ጎን
እንደ ልማዴ ሁለት ጣት ተውኩለት።
ለማስፋት ይሁን ለማጥበብ
ስፌቱ አያውቅም፤
እኔም አልጠየቅኩት።