እንየው

ስሙም እንየው ነው፣ ቃሉም «እስቲ እንየው»፤
አዘዞ፣ ኮፈን ሥር፣ ጭንቅላቱን ቀብሮ አገኘሁት ያን ሰው።
መኪናዬ ያላት አንዲት ሲጢጥታ ናት፣
ሳሙና በር ዳገት፣ በሁለተኛ ማርሽ፣ ጠዋት የምትይዛት።

እሱ ግን አዳምጦ ራሱን ነቀነቀ፤
ሞት እንዳየ ሐኪም ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ሞተሯ አለቀ!»
«ፒስተን፣ ኩሽኔታ፣ ቺንጊያም ያስፈልጋል፤
ዕቃው ከባሕር ዳር ነው፣ ዛሬ ካልከፈልከኝ ነገ ይጨምራል።»

ከፈልሁ። ሦስት ሳምንት በእግሬ ወጣሁ ወረድሁ፤
ቀሃን በድልድዩ፣ ማራኪን በአቋራጭ፣ የሰው ሱፍ ተሸክሜ ሄድሁ።
ስረከባት ደግሞ ሲጢጥታው አልጠፋ፤
«ይህማ የእሷ አይደለም፣ የመንገዱ ነው» አለኝ፣ ሳያፍር፣ ሳይከፋ።

ሰኔ ላይ እንየው ጨርቅ ይዞ ብቅ አለ፤
«ለልጄ ምረቃ ሱፍ ስፋልኝ አደራ፣ ይበቃል?» እያለ።
ሜትሬ አንገቴ ላይ፣ በዓይኔ ለካሁት፤
ለኮትም ለሱሪም ሞልቶ እንደሚተርፍ ሳልዘረጋው አወቅሁት።

መቀሴን አኖርሁ፣ ራሴን ነቀነቅሁ፤
«ግማሽ ሜትር ያንሳል» አልሁት፣ ድምፄን ዝቅ አደረግሁ።

ጨርቁን ዳበሰና በዘይት ጥቁር ጣቱ፣
ቀና ብሎ አየኝ።
ያን ድምፅ ያውቀዋል፤ ያደገ ነው ከቤቱ።