አሥራ አራት ቁጥር

ቂርያት ጋት፣ ከሐዲዱ ማዶ፣
የክር ፋብሪካው ቆሟል፣ ግንቡ በመስታወት ተጋርዶ።
ጭስ ማውጫውን አላፈረሱትም፤ ለወጉ ቀለም ቀብተውታል፤
ጡረታ እንደ ወጣ ሰው፣ ቀጠሮ የለው፣ እንዲያው ሰማይ ያያል።

ልጄ ኦርታል ናት ያመጣችኝ፤ ሦስተኛ ፎቅ ነው ቢሮዋ፤
የሰው መዝገብ ደመና ላይ ማኖር ነው አሉኝ ሥራዋ።
እኔ ደመና የማውቀው እዚሁ ነበር፤ የጥጥ ብናኝ፣
ከቅንድቤ ላይ ሲያርፍ፣ ያለ ዕድሜዬ ሲያሸብተኝ።

አሥራ ዘጠኝ ዓመት፣ የሌሊት ፈረቃ እስኪነጋ፣
ሱሊካ በሞሮኮ ዐረብኛ ስትቆጣ፣
ኤተሪ በጆርጂያ ቋንቋ ስትስቅባት፣
እኔ በአማርኛ ዝም ስል፣
ጫጫታው ሁላችንንም እኩል ያደነቁረን ነበር፤
በከንፈር ብቻ እንነጋገር ነበር፣ እንደ ዓሣ።

አባቴ ሸማኔ ነበር። በሀገሩ
እጁን ፈልገው ዓይኑን ፈሩ፤
ሸማውን ለብሰው ሲያበቁ፣ ከቤቱ ውሃ የማይቀምሱ ነበሩ።
እዚህ ግን ሱሊካ መዳፌን ገልጣ አየችና፣
«ይቺ ክር ታውቃለች» አለች። ያ ነበር የኔ ምስጋና።

ከዚያ አንድ ሐሙስ በር ላይ ወረቀት ተለጠፈ፤
ማንበብ የቻለ አነበበ፤ ያልቻለ የሰው ፊት አይቶ አለፈ።
ማሽኖቹ ወደ ዮርዳኖስ ተጫኑ አሉ።
ማን እንዳወረዳቸው አልሰማሁም።

ዛሬ በመግቢያው አዳራሽ፣ ከአበባው ማሰሮ ጎን፣
አንዷን ብቻ አስቀርተዋል፤ አሥራ አራት ቁጥርን፣ የኔን።
ዘይቷን ጠርገው፣ መብራት አብርተውባት፣ በቀይ ገመድ አጥረው፣
«እባክዎ አይንኩ» ብለው በሦስት ቋንቋ ጽፈው።

ክሩን ግን አጣመው ነው የከተቱት!
በቀለበቱ ሳያሾልኩ፣ እንደ ቋጠሮ ስንቅ ጠምጥመውት።

«እማ፣ ነይ፣ ሰዓት ሄደ» ትላለች ኦርታል፣ አሳንሰሩን ይዛ።
ገመዱን በአንድ እግሬ ተሻገርኩ፤ ጉልበቴ ጮኸ።
ዘበኛው፣ ለጋ ልጅ፣ «ግቬረት! ግቬረት!» እያለ መጣ።
ክሩን ፈታሁ። ጫፉን በምራቄ አረጠብኩ፣
አሾለክኩ፣ አዞርኩ፣ ሳብኩ፣
ቋጠርኩ።
ጣት አይረሳም።
ልጁ ካርድ መጠየቁን ረሳ።
«አሁን ብትነሣ ትፈትላለች» አልኩት።
«ኤሌክትሪክ እኮ የላትም» አለኝ፣ ይቅርታ እንደሚጠይቅ።

አሳንሰሩ ውስጥ ጣቴን አሸተትኩ፤ የሎሚ ሳሙና ብቻ።
ድምፅ የሚባል የለም፤ በሩ እንኳ ሲዘጋ አይሰማም።
እኔ ግን፣ ልማድ ሆኖብኝ፣
ነገሩን በከንፈሬ ብቻ ነገርኳት።
«ምን አልሽ?» አለችኝ ኦርታል።