የጭልፋው ክር

ማክሰኞ ነው ዛሬ፣ ሰሙነ ሕማማት፣
ዳንግላን ዝናቡ ቆርቆሮ ላይ ሲያማት፣
ቁጭ ብያለሁ ይኸው በደብተር በእርሳስ፣
ለፋሲካው ገበታ ለማን ምኑ ይድረስ።

ድሮ ምን ይታሰብ? ዶሮው ይበለታል፣
በጉ ይገፈፋል፣ የመጣው ይበላል።
ዘንድሮ እንግዳው ሁሉ በየሆዱ ሕግ አለው፤
አንዱ የሚጎርሰው ለሌላው መርዝ ነው።

እማሆይ አፀደ፣ የእናቴ እኅት፣
ቆብ ከደፉ ወዲህ ሥጋ ያልነካት
አንዲት ጥርስ ይዘው ይመጣሉ ቅዳሜ ለት።
አንማው የቡሬው፣ ሪህ እግሩን ያሰረው፣
ሐኪም «ቀይ ሥጋ ተው» ብሎ የመከረው፣
ምክሩን በማግስቱ ልኳንዳ የቀበረው።
የሱ የልጅ ልጅ አለ፣ ትንሹ ይትባረክ፣
ለውዝ ጫፉን ከነካው ፊቱ ኩፍ እንደ ኬክ።
ዘሃራ ጎረቤቴ፣ ባሏም አለ፣ ሰይድ፤
ቢላችን ለየቅል፣ ሽሯችን ግን ዘመድ።

እና ትሁኔ፣ ልጄ።
(ስሟን ስጽፍ ቆመ እርሳሱ ከእጄ።)

«ዓይን ያለው አልበላም» ብላ የመጣችው
ሁለተኛ ዓመት ላይ፣ ከዩኒቨርሲቲው።
«ድንችም ዓይን አለው!» ብሎ አንማው ሲስቅ፣
እሷም ሳቀች ያኔ፣ ሳህኗን ሳትለቅ።

አምና ግን «ከሳችብኝ» ብዬ፣ በእናት አንጀቴ፣
የበግ መረቅ ጨለፍኩ ሽሮዋ ላይ፣ ከወጤ።
ሁለት ጊዜ ጎርሳ፣ ሦስተኛውን ያዘች፣
ጣቷን አየት አርጋ እኔን ተመለከተች።
«ዘይት ነው አይደል፣ እማ?»
«እመቤቴን!» አልኳት፣
በትንሣኤ ዕለት በሐሰት ማልኩላት።
ምንም ሳትናገር ሳህኗን አጠበች።
ለገና አልመጣችም።
«ፈተና ነው» አለች።

ከትናንት ጀምሮ ግብጦው ወንዝ ውስጥ ነው፣
ተቀቅሎ፣ በጆንያ፣ ውኃ እያለፈው፤
መራራው እስኪወጣ አምስት ቀን ይሻል፣
ቸኩሎ የቀመሰ ምላሱ ያውቀዋል።

ስልጆ በሰናፍጭ። ሱፍ ፍትፍት ለእማሆይ፣
ያቺ አንዲት ጥርሳቸው እንዳታይ ስቃይ።
ለዘሃራ አዲስ ድስት፣ ሥጋ ያልገባበት፣
ዋጋውን ባሌ ገና ያልሰማበት።
የሽምብራ አሳም አለ፣ ጣናን ያላየ፣
ቅርፊቱ በሹካ፣ ጅራቱ የተለየ፤
ዓይን አልቀርጽለትም፣ ዕውር ሆኖ ይዋኝ፣
ይህችን ቀልድ አይታ ትሁኔ ከሳቀችልኝ።

የጭልፋ እጀታ ሁሉ ክር አሰርኩበት፤
ቀዩ የሥጋው ነው፣
ነጩ ሥጋ ለማይበሉት፣
ማንም እንዳይሳሳት፣
ከማንም በፊት እኔ እንዳልሳሳት።

ሐሙስ ጧት ጎመን ልቀነጥስ ጓሮ ብወጣ፣
በጉ ገመዱን በጥሶ፣ ኮርቶ እንደ ጌታ፣
የልጄን ጎመን ጨርሶ አገዳው ላይ ደርሷል።
ዓይን ለዓይን ተያየን። ማላመጡን አላቆመም።
ሳቄ መጣ። ከዝርዝሬ አንድ እንግዳ ቀርቷል፤
እሱም ሥጋ አይበላም።

ዕድሜው እስከ ቅዳሜ ማታ ነው። አያውቅም።
ጎመን ከእንዬ ጓሮ ተበደርኩ፣
በጉን በአዲስ ገመድ አሰርኩ፣
ሣር ጨመርኩለት፤
ዓይን ዓይኑን ማየት ግን ተውኩ።

ከሰዓት ስልኬ ጮኸ።
«ከማርቆስ ተሳፈርኩ» አለች።
ስለ መንገዱ አወራች፣ ስለ ዝናቡ አወራች፣
ከዚያ ድምጿን ዝቅ አርጋ፣
«እማ... የዘንድሮው ሽሮ...» ብላ አቆመች።
«አንቺ ነሽ የምትሠሪው» አልኳት።
«ነጭ ክር ያለው ጭልፋ ያንቺ ነው።
እኔ ሽንኩርት እከትፋለሁ።»

ዝም አለች። ሞተሩ ሲያንኮራፋ ይሰማኛል፣
ረዳቱ ሒሳብ ይላል።
«እሺ» አለች በመጨረሻ፣
«ሽንኩርቱን አድቅቂው ታዲያ።»

ወጥቼ ወንዙን አየሁ። ውኃው ጆንያውን ይገፋዋል።
ግብጦው ገና ሁለት ቀን ይቀረዋል።