መርዳት ክልክል ነው

ሚያዝያ ነበር፤ ቬርሞንት ገና በረዶዋን አልጣለችም፤
ፖስተኛው ሣጥኑን ሲሰጠኝ «ቀስ!» አለ፤ ምን እንደሆነ አልጠየቀም።
ሃያ አራት እንቁላል፣ በጋዜጣ ተጠቅልለው፤
አራቱ መንገድ ላይ ተሰንጥቀው።
ዴልፊን ጠረጴዛው ላይ አንድ በአንድ ደርድራ፣
እንደ ወርቅ አንጥረኛ በባትሪ መርምራ፣
«ይኸ የድሮ የተርኪ ዘር ነው፤ ናራጋንሴት» አለችኝ፤
ስሙን እንዳልሳሳት ሁለቴ አስደገመችኝ።

እኔ አናጢ ነኝ፤ እጄ የሚያውቀው ምስማር፣
ሳንቃ፣ መጋዝ፣ መላጊያ፣ የጣሪያ ማገር።
«ሱቅ ሞልቷል» አልኩ፣ «ነጭ፣ ደረተ ሰፊ ተርኪ፤ ምን ያደክምሻል?»
«እሱማ» አለች፣ «ከደረቱ ክብደት ሚስቱን መቅረብ ያቅተዋል፤
ሰው በመርፌ ካላዳቀለው ዘሩ እዚያው ላይ ያበቃል።
የኔዎቹ በገዛ ክንፋቸው ዛፍ ላይ ወጥተው ያድራሉ፤
ደላላም ሐኪምም ሳይሹ ራሳቸው ይጋባሉ።»

ማስፈልፈያው ተተከለ ልብስ ማጠቢያ ክፍል፣
የኔን ካልሲ ገፍቶ፣ ቦታዬን ሊካፈል።
በእያንዳንዱ ቅርፊት፣ በእርሳስ፣ በቀጭኑ፣
በአንድ ወገን መስቀል፣ ክብ በሌላ ጎኑ።
በቀን ሦስቴ ማገላበጥ፣ ውሃውን ማየት፣ ሙቀቱን መቁጠር፤
ሴቷ ተርኪ ጎጆዋ ላይ ሳትማር የምታውቀውን እኛ በደብተር።

በአሥረኛው ሌሊት መብራቱን አጥፍታ፣
አንዱን እንቁላል ባትሪው አፍ ላይ አስጠግታ፣
«ና እይ» አለችኝ። አየሁ። ቀይ ክር፣ የሸረሪት ድር የመሰለ፣
መሐሉ ላይ አንድ ነጥብ፤ ዘለለ። ቆመ። ዘለለ።
ምን እንደነካኝ አላውቅም፤ «ጥሩ ነው» ብዬ ወጣሁ፣
ጋራዥ ገብቼ ያልተሰበረ ወንበር ስጠግን አመሸሁ።

በሃያ አራተኛው ቀን የጉልበቷ ቀጠሮ ደረሰ፣ ሁለት ዓመት የጠበቀችው፤
በርሊንግተን ሐኪም ቤት አስተኝቻት ስመለስ
ወረቀት አገኘሁ፣ ክዳኑ ላይ የለጠፈችው፦
«ከነገ ጀምሮ አትገልብጥ። ክዳኑን አትክፈት።
ብትጓጓም ብታዝንም መርዳት ክልክል ነው። ጠብቅ በትዕግሥት።
መውጣት ያልቻለ አይውጣ፤ ደካማ ዘር አናረባም።» ከሥሩም
«ሾርባ ማቀዝቀዣ ውስጥ አለ» ብላለች፤ ሌላ ነገር የለም።

ማታ ስትደውል ድምጿን ማደንዘዣው አልለቀቀም፤
ስለ ጉልበቷ ስጠይቅ «ተወው፤ እርጥበቱ አልወረደም?»
«ስልሳ አምስት።» «ጨምር።» ጨመርኩ። ዘጋች።
ሠላሳ ስምንት ዓመት ስንኖር
ስለ እኔ ሙቀት እንዲህ መቼ ጠይቃ ታውቃለች።

ሃያ ስምንተኛው ሌሊት ክፍሉ በጩኸት ሞላ፤
ሲፋቅ፣ ሲንኳኳ፣ አንዱ ሌላውን ሲጣራ ከቅርፊት ኋላ።
ንጋት ላይ አሥራ አንድ ወጥተው፣ እርጥብ፣ አንገታቸው ሰላላ፣
እንደ ሰርግ ሰካራም አንዱ ሲወድቅ የሚደገፍ በሌላ።

አንዱ ግን በቀጭኑ ጫፍ፣ በተሳሳተው በር ነበር የጀመረው፤
ቀዳዳዋ ከምስር ፍሬ አትበልጥም፤ ምንቃሩ ይታያል፤ ደከመው።
ስድስት ሰዓት ጠበቅሁ። አሥር። ወረቀቱን አነበብኩት። ደግሜ አነበብኩት።
መርዳት ክልክል ነው። አውቃለሁ። ክዳኑን ከፈትኩት።

የጥፍር መቁረጫ፣ ለብ ያለ ውሃ፣ ትንፋሼን አምቄ፤
ሳንቃ ስልግ የማይንቀጠቀጥ እጄ ተንቀጠቀጠ፤ ደም ሳይ አቁሜ፣ ጠብቄ፣
ደግሞ ትንሽ። ደግሞ ትንሽ። ምሽት ላይ መዳፌ ላይ ተዘረጋ፣
አንድ ጣቱ የታጠፈ፣ የራሰ፣ ትኩስ ሥጋ።

ተርኪ ሲወለድ ሞኝ ነው፤ ውሃ ፊቱ ቆሞ ይጠማል፤
ምንቃሩን ነክረህ ካላሳየኸው፣ የሚያብረቀርቅ ካልጣልክበት ይሞታል።
ብይ ስላጣሁ የዴልፊንን ትልልቅ ቀይ ዶቃ ፈትቼ ውሃው ውስጥ በተንኩ፤
ይኸም ክልክል ይሆን? አልተጻፈም፤ አልጠየቅኩ።

በክራንች መጣች። ቆጠረች። ዶቃዋን አየች፤ ጣቱ የታጠፈውን አየች፤
እኔ መስኮቱን አየሁ። ምንም ሳትል ደብተሯን አወጣች፣ ጻፈች፣ ዘጋች።

በመስከረም ነሐስና አመድ ለብሰው አጥር ዘለሉ፤
የጎረቤታችን የፔልኪ ትራክተር ላይ እንደ ዳኛ ተቀምጠው ይውላሉ።
በኅዳር የፔልኪ ልጅ፣ ኤመሪ፣ ዘጠኝ ዓመቱ፣
ቢላዋ ስትስል አያት፤ ገረጣ ፊቱ።
«እንዳይጠፉ ነው ያልሽው፤ ታዲያ ለምን ይታረዳሉ?»
«ማንም ያልበላው ዘር ነው ልጄ ያለቀው፤ ገበታ ያገኙ ይተርፋሉ።»
ልጁ አላመነም። እኔም ገና ሙሉ በሙሉ አላመንኩም።
ስምንቱን አረድን። ጥሩ ሥጋ ነበር፤ አልዋሽም።

አንድ ማታ ደብተሯን ገለጥኩ፣ እሷ ተኝታ ሳለች፤
ከሃያ ስምንተኛው ቀን ትይዩ፣ በእርሳስ፣ እንዲህ ጽፋለች፦
«አሥራ ሁለተኛው፦ በኦሪን ተረድቷል። ለዘር አይሆንም።»
ከሥሩ፣ በሌላ ቀን፣ በቀለም፦
«አይታረድም።»