የኩሽናው ሶኬት

ማክሰኞ ጠዋት ነው ሶኬቱ የሞተው፣
ማንቆርቆሪያው ዝም፣ ሬዲዮው ዝም ያለው።
አይኖ ቴስተር ይዛ ቀዳዳውን ነካች፤
አልበራም፤ ተነስታ ብሬከሩን አየች፤
ሁሉም ቀጥ ብለዋል፣ አንዱም አልወደቀም።
ኡርሆ ብሎን ፈታ፤ ሽቦው ግን አልላላም።
«ግድግዳው ይፈረስ» ብሎ ዋጋ ቆርጦ ሄደ።

ማታ
ድንች ልታመጣ ምድር ቤት ወረደች፤
ስድስት ዓመት ያልተነካ
የታውኖን የቀለም ቆርቆሮ ገፋ ስታደርግ፣
ከኋላው ሌላ ሶኬት፣ ሆዱ ላይ ቀይ ቁልፍ፣
ከጎኑ በእርሳስ፣ ዶሮ የጫረው በመሰለ ጽሕፈቱ፦
«አይኖ፣ መጀመሪያ እዚህ እይ።»

«በሕይወትህ ሳለህ ብትነግረኝ ምን ነበር?»
ተጫነችው።
ጠቅ።

ላይ ቤት ሬዲዮው፣
ካቆመበት ሳይሆን ከሌላ ወሬ መሃል፣
ለተንደር ቤይ የነገውን በረዶ ይናገራል።