ቤት የማይመታ

ማልጄ ስነሳ ጦሳ ጉም ተከናንቧል፣
ሐረጎን ዞሬ ስወርድ፣ ኮምቦልቻ
ከፋይናንሱ በር ሰው ተሰብስቧል።
ሹራቤን አወለቅሁ፣ ፎርሜን ዘረጋሁ፣
ከሃያ ሦስት ሰው ኋላ ተራዬን ጠበቅሁ።

«የትዳር ሁኔታ?»
«ያገባሁ።»
«የባለቤት ስም?»
«ሃምሳ አለቃ እብሬ የመር።»
«ምድቡ?»
«ጎዴ።»
«የቤት አበል ያገኛል?»
«ያገኛል። ከሦስት ጓዶቹ ጋር ላንዲት ክፍል ያዋጣዋል።»
ጸሐፊው መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቀለ፣
«ባልና ሚስት አንድ ነው፣ አበሉም አንድ ነው» አለ።

አንድ ነን? እሺ ይሁን። አንድ አካል ከሆንን
ማን ነው ከወገባችን ለሁለት የሰነጠቀን?
ግማሻችን ጎዴ በላብ ሲቀቀል
ግማሻችን ደሴ ሲከራይ፣ ሲነቀል፤
የምደባው ደብዳቤ ሁለት ብሎ ይቆጥራል፣
የፔሮሉ መዝገብ አንድ ብሎ ይሰፍራል።

ባለቤት ይሉታል እብሬን በፎርሙ፤
የምን ቤት? የማን ቤት? ቀርቶበት ነው ስሙ።
እኔ የማውቃት ባለቤት እትዬ ዘምዘም ናት፣
ሆጤ ማዶ አራት ክፍል፣ አንድ ቧንቧ ያላት፤
«አላህ በሰላም ያግባልሽ» ብላ ባሌን መርቃ
አምስት መቶ ብር ትጨምራለች፣ ቀስ ብላ፣ ተጠንቅቃ።

አልጋዬ ሥር የሲቪል ጫማው አለ።
ካለፈው አረፋ ወዲህ መሬት አልረገጠም።
ሁለት ጊዜ ቀለም ቀባሁት።
ኪራይ የምከፍለው፣ እውነቱን ለመናገር፣
ለኔ እና ለጫማው ነው።

ከኋላዬ የተሰለፈችው አስር አለቃ
ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለች።
«ፍቺ አለው ይሄ ነገር።»
መላ መሰለኝ።
«በወረቀት ብቻ። እኛ ዓምና ሐሙስ ዕለት ተፋታን፣
ማታ አብረን ራት በላን።
ፍርድ ቤት ቤታችንን አፍርሶ የቤት አበል ሰጠን።»
ሳቀች።
በቀለበት ጣቷ ላይ ፀሐይ ያልነካው
ቀጭን መስመር ነበር፤ በአውራ ጣቷ ታሸዋለች።

ማታ ደወልኩለት። ኔትወርኩ ይቆራረጣል።
«እብሬ፣ እንፋ—»
«ምን?»
«እንፋ—»
«እንፋሎት? እንፋሎቱስ እዚህ ነው!
ድንጋዩ ራሱ ያልበዋል!»
እየሳቀ ነው። ከሳቁ ጀርባ አንዱ ጓዱ ያስላል።
ውሃ ትጠጣለህ ወይ አልኩት።
እጠጣለሁ አለ።
ቃሉን አልደገምኩትም።

ትምህርት ቤት ሳለን የአማርኛው መምህር
ጠመኔውን ሰሌዳው ላይ እየመታ
«ስንኝና ስንኝ ላይና ታች ቆሞ፣ ተራርቆም ቢሆን፣
ጫፉ ከተጠራራ ቤት መታ ይባላል» ይለን ነበር።
ያኔ ፈተና ነበር፣ ሸመደድኩት።
አሁን ሌሊት ሌሊት ይመጣብኛል።

ሐሙስ ተመልሼ ወረድኩ። ያው ወረፋ፣ ያው መነጽር።
አድራሻ በሚለው ባንዱ መስመር ላይ
ሁለቱን አጠጋግቼ፣ ላይና ታች አድርጌ ጻፍኩ፦

ደሴ
ጎዴ

አየሁት። ድምፁ ገጥሟል።
ቤት ሊመታ አንድ ፊደል ቀረው።

ጸሐፊውም አየው። ብዙ ዝም አለ።
«አንዱን ሰርዢው» ብሎ
የራሱን እስክሪብቶ አቀበለኝ።
ከኋላዬ ያለው ሰው ጉሮሮውን ጠረገ።

እስክሪብቶውን እንደያዝኩ ወጣሁ።
መናኸሪያው ሞቋል፤ ረዳቱ በሩ ላይ ተንጠልጥሎ
«ደሴ! ደሴ! አንድ ሰው የቀረው!
አንድ ሰው!»