ማሳ

በሰው ክንድ ተገፍታ፣ ከአዘዞ መንገድ፣
አውቶ ፓርኮ ገባች፣ ዓርብ ጠዋት፣ በብርድ።
አጉማስ መሪ ይዞ፣ ረዳቱ ከኋላ፣
ከፍለው የተሳፈሩ፣ ሁለት ሰዎች ሌላ።
ቁልፍ ሲዞር «ጠቅ» ነው፣ ሌላ ድምፅ የላትም፤
መብራቷ ይፈዛል፣ ሞተር አይነሳም።

እኔ፣ የሁለት ዓመት፣ የአውቶ ተማሪ፣
ቱታዬ ያልቆሸሸ፣ ቃሌ ተወርዋሪ፣
ወንበሯን ሳላነሳ፣ ሜትር ሳላስጠጋ፣
«ባትሪዋ ሞቷል» አልኩ፣ እጄን ሳልዘረጋ።
አጉማስ አመነኝ። ለምን አያምነኝም?
ደረቴ ላይ አለ፣ የኮሌጁ ስም።

ነገ ቅዳሜ ነው፣ ገበያው ይጎርፋል፤
ያን ቀን የቆመ ታክሲ፣ ሳምንቱን ይጾማል።
ግማሹን በዱቤ፣ ግማሹን በብድር፣
አዲስ ባትሪ ይዞ፣ መጣ ሲንደረደር፤
እንደ ክርስትና ሕፃን፣ አቅፎት በሁለት እጁ፣
«በል ግጠመው» አለኝ፣ እንደ ገዛ ልጁ።

ገጠምኩት።
ቁልፍ ዞረ።
«ጠቅ።»
ቤት አልመታም።

ጋሽ ታፈረ ያን ጊዜ፣ ከጉድጓዱ ወጣ፤
እጁን በጨርቅ ጠረገ፣ ምንም አልተቆጣ።
የሚያስፈራው ይኸው ነው።
«መቼ ጀመራት?» አለው። «ክረምት እንደ ወጣ።»
«ሁሌ ነው?» «አይ፣ አንዳንዴ። ከኮረኮንች ስመጣ
አንዴ ትነሳለች፣ አንዴ ደግሞ እምቢ።»
ዞሮ እኔን አየኝ።
«ይህን ጠይቀሃል?»
ጫማዬን አየሁ።

«ልጄ፣ መኪና አፍ የለው፤ ባለቤቱ ግን አለው፤
ቁልፍ ከማንሳትህ በፊት፣ ጆሮህን አጥብቀው።
ጥቁር ጭስ የሚተፋ፣ አየር ያጠረው ነው፤
ሰማያዊ ከሆነ፣ ዘይት እየበላ ነው፤
ነጩ ጣፍጦ ቢሸት፣ ጉርኒሲዮኑን እየው።
ፍሬን ሲያፏጭ ሸራ፣ መሪ ሲርገፈገፍ ጎማ፤
ዝም ብሎ የሞተ የለም፣ ቀርቦ ለሚሰማ።»

ይታይሽ ሳትናገር፣ ሜትሩን ይዛ ጎንበስ፣
አንዱን ጫፍ ከባትሪው፣ አንዱን ከሞተሩ ስታደርስ፣
«አዙር» አለች። አዞረ። ቁጥሩ ዘለለ፤
መኖር በሌለበት፣ እዚያ ቮልት አለ።
ስሟን ያወጣላት ሰው፣ ይህን አውቆ ኖሯል፤
የማሳው ገመድ ጫፍ፣ ጭቃ ለብሶ ዝጓል፣
ብሎኑም ላልቶ ላልቶ፣ በአንድ ጥርስ ቀርቷል።

አባቴ ጭልጋ ላይ፣ ማሽላ ይዘራል፤
«ማሳ ካልታረመ፣ ምን ፍሬ ይሰጣል?»
ሲለኝ ያደግሁት ሁሉ፣ ስለ እርሻ መስሎኝ፣
በብርጭቆ ወረቀት፣ ዝገቱን ስፍቅ ገባኝ።
የታረምነው ሁለት ነን።

አስር ደቂቃ። አንድ ብሎን። አስር ቁጥር ቁልፍ።
አሮጌውን ባትሪ መለስነው፣ «ሞቷል» ያልኩትን፤
አጉማስ ቁልፉን ሲያዞር፣ ሰማን ሞተሪኖውን።
ተነሳች! ረዳቱም «አዘዞ! አዘዞ!» አለ፣
ጋራዥ ግቢ ውስጥ፣ አንድ ተሳፋሪ በሌለ።

«አሁን» አለኝ ጋሽ ታፈረ፣ «የቀረ ሥራ አለ፤»
አዲሱን ባትሪ አንስቶ፣ ክንዴ ላይ ጣለ።
«ሱቁ ድረስ በእግርህ። ‹ሳልለካ አስገዛሁ› በል፤
ባለሱቁ ደግ ነው፣ ዱቤው ይሰረዛል።»

ወደ ፒያሳ ሽቅብ፣ ክንዴ ሊገነጠል፣
አንዴ መሬት ሳስቀምጥ፣ አንዴ መልሼ ሳዝል፣
ጡሩንባ ከኋላዬ። አጉማስ ነው፣ ጢም ብሎ፣
ሰው እስከ በሩ ሞልቶ፣ ረዳቱ ተንጠልጥሎ።
«ግባ» አለኝ።
«በእግርህ ተብያለሁ» አልኩት።
ረዳቱ ዘሎ ወርዶ፣ ባትሪውን ከክንዴ ወሰደ፣
ከወንበር ሥር ሸጎጠው።
«እሱስ በእግርህ አልተባለ! የአንድ ሰው ትከፍልለታለህ» አለኝ።
ሚኒባሷ ሙሉ ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ።
ዳገቱ መሃል ቆመን፣ ይህን ሁሉ ስንባባል፣
አጉማስም አብሮ ሲስቅ፣
ሞተሩን ግን አላጠፋም።